ገላነሽ በወፎቹ ግቢ ዝም ያለች ጊዜ

በዚያን ዘመን ሐረር ኖሮ ገላነሽን አላውቃትም የሚል ሰው ካለ ወይ ውሸታም ነው፣ ወይ ጆሮው አይሰማም። ሰውነቷ እንኳ ይህን ያህል አልነበረም፤ ቀጭን፣ አጠር ያለች፣ ነፋስ የሚወስዳት የምትመስል ሴት ነበረች። ድምፅዋ ግን! ሐኪም ጋራ ላይ ሆና ስትጮህ፣ ከተማውን አልፎ ማዶ ፈላና በር የቆመ አህያ ጆሮውን ያቆማል ይባል ነበር። ማጋነን ነው ትሉኝ ይሆናል። አህያውን አልጠየቅሁትም፤ ሰዉ ግን እንደዚያ ይል ነበር።

ይህን ድምፅ የሰጣት ማሽላ ነው። አባቷ ከሸዋ ዘምተው መጥተው ሐረር የቀሩ ወታደር ነበሩ። በሐኪም ጋራ ተዳፋት ላይ በደመወዝ ፈንታ የተሰጠቻቸው ቁራሽ መሬት ነበረች። ማሽላው እሸት ሲሆን ግሪሳ የሚሉት ወፍ ከየት መጣ ሳይባል እንደ ደመና ይወርድበታል፤ አንድ ጠዋት ዞር ካልክ የዓመት ቀለብህ የለም። በቤቱ ወንድ ልጅ ስላልነበረ ማማው ላይ የወጣችው ገላነሽ ናት። ጠጠር በጉያዋ፣ ወንጭፍ በእጇ ይዛ፣ ከንጋት እስከ ምሽት «ሃይ! ሃይ! የወስላታ ዘር! እናትህ ዘርታዋለች እንዴ?» እያለች አደገች። ወንጭፉን አስወንጭፋ የሳተችበትን ቀን ማንም አያስታውስም። ስድቧን ለመስማት ብለው መንገዳቸውን የሚያዞሩ ሰዎችም ነበሩ።

አባቷ ሲሞቱ መሬቱ የመንግሥት ነበርና ለሌላ ወታደር ተሰጠ። እናትና ልጅ ሜዳ ላይ ቀሩ። እናቷ ወይዘሮ ወለተሥላሴ ይባላሉ፤ ዓይናቸው በሕመም ከጠፋ ቆይቷል። ገላነሽ አንድ ጊዜ ባል አግብታ ነበር። ባልየው ጆሮዬን አሞኝ ነው የሄድኩት ይላል፤ እሷ ደግሞ እንደ ግሪሳ አባረርኩት ትላለች። የቱ እውነት እንደሆነ እነሱ ያውቃሉ። ብቻ ከዚያ ወዲያ የሰው ማሽላ እየጠበቀች፣ በሰው ቤት ጥግ ተጠግታ እናቷን ስታኖር ቆየች።

አንድ ዓመት ታዲያ አንበጣ መጣ። አንበጣ ደግሞ ስድብ አይሰማ፣ ወንጭፍ አይፈራ! ገላነሽ ጉሮሮዋ እስኪዘጋ ጮኸች፤ ማሽላው ባዶ አገዳ ሆኖ ቀረ። የሚጠበቅ ነገር ከሌለ ጠባቂ ምን ይሠራል? ያስጠጓቸው ሰዎችም ፊታቸውን አጠቆሩባቸው። ፍረዱባቸው አልልም፤ ለራሳቸውም የሚበሉት አልነበራቸውም። ገላነሽ ግን እናቷን ይዛ ወዴት እንደምትሄድ ጨነቃት።

በዚህ መካከል ነው ሐጂ በድሪ ሰው የላኩባት። ሐጂ በድሪ በጀጎል ግንብ ውስጥ የታወቁ የቡና ነጋዴ ናቸው። ከግንቡ ውጭ፣ ከሐኪም ጋራ ሥር፣ ሰፊ የአትክልት ቦታ አላቸው፤ ብርቱካን አለበት፣ ዘይቱን አለበት፣ መሐሉ ላይ ያረጀ ትልቅ ሾላ ቆሟል። ይህን ሁሉ ለወፍ ሰጥተውታል። አዎ፣ ለወፍ! ነገሩን ያመጣው ሙሴ አንሪ የሚባል ፈረንጅ ነው። ወፍ በመረብ ይይዛል፣ ክንፉን ይለካል፣ ይመዝነዋል፣ ይሥለዋል፤ ከዚያ፣ ጉድ በሉ፣ ይለቀዋል። «ሊበላው ካልሆነ ለምን ይመዝነዋል?» እያለ ሐረር አንድ ክረምት ሙሉ ሳቀ።

ሐጂ በድሪ ግን አልሳቁም። «የአላህ ፍጥረት ነው፤ እኔ ግቢ ከገባ ይረፍ» ብለው ወፍ እንዳይነካ ከለከሉ። ክንፉ የተሰበረ አሞራ፣ እግሩ የቆሰለ ሽመላ ያገኘ ሰው ሁሉ እዚያ ያመጣ ጀመር። ቀጥሎ ደግሞ የሚጎበኝ ሰው መጣ፤ ከጀጎል ቤተሰቡን ይዞ፣ ከድሬዳዋ በበቅሎ፣ የፈረንጅ ሚስቶች ጥላ ዘርግተው። ግቢው ወፎቹ ጎጆ በሚሠሩበት ክረምት ይዘጋል፤ ከመስቀል በኋላ ባለው ዓርብ፣ ከጁምዓ ሶላት መልስ፣ ይከፈታል።

«ገላነሽ፣» አሏት ሐጂ በድሪ፣ «ግቢዬን ጠብቂልኝ። ግቢው ውስጥ ያለችው ጎጆ ለአንቺም ለእናትሽም ትሁን።»

«ከምን ነው የምጠብቀው፣ ሐጂ?»

«ከድመት፣ ከሸለምጥማጥ፣ አጥር እየዘለሉ ከሚገቡ ባለ ወንጭፍ ጎረምሶች። ወፎቼን የሚያስደነግጥ ነገር አልፈልግም። የፊተኛው ዘበኛ ጠመንጃ ተኩሶ በተነብኝና በዚያው ቀን ሸኘሁት።»

ገላነሽ እግራቸው ላይ ልትወድቅ ቃጣት። ከሌላው ንግግር ሁሉ ግን ልቧ ውስጥ የቀረው «በዚያው ቀን ሸኘሁት» የሚለው ነው።

ወሬው ሲሰማ ጎረቤቷ እልፍነሽ፣ ሰፈሩ ውስጥ ከገላነሽ ቀጥሎ አፍ ያላት ሴት፣ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ጅብን ሥጋ ጠብቅ አሉት!» አለች። ወይዘሮ ወለተሥላሴ ግን የሰው ሣቅ አላስጨነቃቸውም። ጎጆዋን በእጃቸው ዳስሰው ዳስሰው በሩን ሲያገኙ መቃኑን ሳሙት።

«የራሳችን በር ነው?» አሉ።

«የራሳችን ነው፣ እማዬ።»

«እንግዲህ ከዚህ የምወጣው ስሞት ነው።»

ሐጂ በድሪና ሙሴ አንሪ የመክፈቻውን እንግዶች ለመቀበልና የንግድ ጉዳይም ለመጨረስ በማግሥቱ ወደ ድሬዳዋ ወረዱ። «ለመስቀል እንመለሳለን፣ ኢንሻአላህ» አሉ። ግቢውን ከነወፎቹ ለገላነሽ ተዉላት።

የመጀመሪያው ንጋት ላይ የሆነውን እንግዲህ ስሙ። ገላነሽ እንደታዘዘችው ጥሬ በተነች። ከሾላው፣ ከብርቱካኑ፣ ከአጥሩ ቁጥቋጦ ወፍ ተነሥቶ እንደ ደመና ወረደ። እሷ ገና እንቅልፍ ከዓይኗ አልወጣም። ዕድሜዋን ሙሉ እንዲህ ያለ ደመና ሲወርድ ሲያይ የኖረ ዓይን ለእጇ ነገረው፤ እጇም ከወገቧ ወንጭፉን መዘዘ።

«ሃይ! ሃይ! የወስላታ ዘር!»

ጠጠሩ የሾላውን ቅርንጫፍ አጮኸው። አቤት፣ ያን ጊዜ የሆነውን! ርግቡ፣ ዋኔው፣ ድንቢጡ፣ ጎጆውን እያንጠለጠለ የሚሠራው ቢጫ ወፍ፣ ሁሉም ባንዴ ተነሥቶ ወደ ጋራው ጀርባ ተነነ። መብረር የማይችሉት ቁስለኞች እንኳ ቁጥቋጦ ሥር ገብተው ጠፉ። ግቢው ጭር አለ።

ወይዘሮ ወለተሥላሴ ከጎጆው ውስጥ ድምፃቸውን አሰሙ። «ልጄ፣ ምን ሆነሽ? እዚህ እኮ ማሽላ የለም።»

ገላነሽ እጇን ራሷ ላይ ጭና መሬት ላይ ተቀመጠች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሉት ይህ ነው፤ እሷ ደግሞ ቆጡንም አላየችው። ከተቀመጠችበት ተነሥታ ወንጭፉን ወስዳ እሳት ውስጥ ጨመረችው። እስኪነድድ ድረስ ቆማ አየችው።

በማግሥቱ ጥቂት ርግቦች ሾላው ላይ አረፉ። ገላነሽ ደስታዋን መያዝ አቅቷት «መጣችሁልኝ፣ የኔ እመቤቶች?» አለች። ብር! አንድም አልቀረም። ከሰዓት በኋላ ሌሎች መጡ፤ እናቷን «እማዬ፣ ድንጋይ አለ፣ ወደ ግራ በይ» ስትል እነሱም ሄዱ። ያን ጊዜ ነገሩ ገባት። እነዚህ የሐኪም ጋራ ወፎች ናቸው። እናቶቻቸውም አያቶቻቸውም የእሷን ስድብ እየሰሙ ነው የኖሩት። ከድምፅዋ በኋላ ጠጠር እንደሚመጣ በጎጆ ሳሉ ተምረዋል። የሚፈሩት ሌላ አይደለም፤ እሷን ነው።

ያን ዕለት ማታ እናቷ ጆሮ ላይ ተጠግታ በሹክሹክታ ነገረቻቸው። «እማዬ፣ ወፎቹ እስኪመለሱ አልናገርም። ሐጂ ሲመጡ ግቢው ባዶ ከሆነ በዚያው ቀን ነው የሚሸኙን።»

ወይዘሮ ወለተሥላሴ ብዙ ሳቁ። «አንቺ? ዝም ልትይ? እሺ፣ እስከ ቁርስ እናያለን።»

እስከ ቁርስ ሆነ፣ እስከ ምሳም ሆነ። ገላነሽ ዝም አለች። ጾም የምታውቅ ሴት ናት፤ ሥጋም ወተትም ስትተው አይከብዳትም፤ ይህኛው ግን ከጾም ሁሉ ባሰባት። ድመት አጥር ዘላ ስትገባ ስድቡ እስከ ጥርሷ ይመጣና ይመለሳል። እግሯን እያነሣች፣ እጇን እያወናጨፈች፣ ዓይኗ እያለቀሰ ድመቷን ታሳድዳለች። አንድ ቀን ሸለምጥማጥ ብርቱካኑ ሥር አግኝታ ያለ አንድ ቃል እስከ አጥሩ ስታባርረው፣ ያልወጣው ስድብ ሊያፈነዳት ደርሶ ነበር።

እልፍነሽ ልትጠይቃት መጣች። ሰላምታ አቀረበች፤ መልስ የለም። ስለ አንበጣው፣ ስለ ጤፍ ውድነት፣ ስለ ሰው ሁሉ ኃጢአት አወራች፤ ገላነሽ አንገቷን ብቻ ትነቀንቃለች።

«በስመ አብ!» አለች እልፍነሽ ብድግ ብላ። «ምላስሽን ማን ወሰደው? ጋኔን ለክፎሽ ነው?»

ገላነሽ እጇን አወዛወዘች።

«ሱባዔ ነው? ስለት ተስለሽ ነው?»

ገላነሽ ይህችን ሴት በሌላ መንገድ ማስወጣት እንደማይቻል ስላየች አንገቷን ወደ ላይና ወደ ታች አደረገች። የተሳለች ሴት መሆኗ በዚያው ቀን ሰፈሩን ሞላው። በማግሥቱ ሴቶች በየተራ እየመጡ በአጥሩ ቀዳዳ ያዩዋት ጀመር። ግቢው ገና ለወፍ ተመልካች ሳይከፈት ለዝምተኛዋ ገላነሽ ተመልካች ተከፈተ። ጀርባዋን ሰጥታቸው እያረመች፣ የምትላቸውን ሁሉ በሆዷ ትላቸው ነበር፤ ደግነቱ አልሰሙም።

ይህ ሁሉ ያስቃል። የማያስቀው የእናትየው ነው። ወይዘሮ ወለተሥላሴ ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ በልጃቸው ድምፅ ነበር የሚራመዱት። ገላነሽ ከማማው ላይ ስትሳደብ ፀሐይ የት እንደደረሰች ከድምፅዋ ድካም ያውቃሉ፤ ስትስቅ ማን እንደመጣ ያውቃሉ፤ «ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ» ስትላቸው ያለ በትር ይሄዳሉ። አሁን ዓለም በሙሉ ጠፋባቸው። ከጎጆው በር ላይ ቁጭ ይሉና «ገላነሽ፣ አለሽ?» ይላሉ። ቅርብ ስትሆን ሮጣ እጃቸውን ትይዛለች። ራቅ ብላ ስትሆን ግን እናቷ ባዶ ግቢን ሲጠይቁ ታያለች፤ መልስ አትሰጥም። ወደ ሾላው ብቻ ትመለከታለች።

አንድ ቀን ማታ እናቷ እጇን ይዘው «ልጄ፣ እኔስ ሁለተኛ የታወርኩ መሰለኝ» አሏት። ገላነሽ ጉንጫቸውን ሳመችና ውጭ ወጥታ አለቀሰች። ዝምታውን ልትተወው አሰበች። ግን ብትተወው የት ይገባሉ? ይህችን በር ካጡ ሌላ በር የለም። ዐይኗን ጠርጋ ተመለሰች።

ወፎቹ መመለሳቸውን ቀድመው ያወቁት እሳቸው ናቸው። አንድ ጠዋት ገላነሽ ገና ሳትነሣ «ስሚ፣ ዋኔ!» አሉ። ገላነሽ በበሩ ስንጥቅ አየች፤ ሾላው ላይ ዋኔዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ተቀምጠዋል። ቢጫዎቹ ወፎች የተዉትን ጎጆ እንደገና ይጠልፋሉ። ሽመላውም ከቁጥቋጦው ወጥቶ አንካሳ እግሩን እየጎተተ ጥሬ ይለቅማል። ጥሬ በእጇ ይዛ ቀስ ብላ ወጣች፤ አልሸሹም። አጠገቧ ወረዱ። ገላነሽ አፏን በሁለት እጇ ይዛ፣ ዕንባዋ በጣቶቿ መሐል እየወረደ፣ ወፍ መሐል ቆመች። ደስ ሲል! ይህን ለእናቷ ጮሃ መንገር አለመቻሏ ብቻ ነው ያንገበገባት።

ሐጂ በድሪና ሙሴ አንሪ ለመስቀል ተመለሱ። ፈረንጁ ሾላውን ዞሮ ዞሮ አይቶ እጁን አፋተገ። ሐጂ በድሪ ገላነሽን «ደህና ነሽ?» አሏት፤ እጅ ነሣች። «እናትሽስ?» አሏት፤ እንደገና እጅ ነሣች። ወፎቹ ጎጆ ላይ ናቸውና አሁንም መናገር ፈርታለች። ሐጂ ግራ ገብቷቸው ሄዱ።

ዓርብ ከሶላት መልስ ግቢው ተከፈተ። የሰው ብዛት! የጀጎል ሴቶች ባለ ቀለም ልብሳቸውን ለብሰው፣ የከተማው ሰው ነጠላውን አጣፍቶ፣ የድሬዳዋ እንግዶች ከበቅሎ ወርደው። ገላነሽ በሩ ላይ ቆማ ወንጭፍ የያዘ እንዳይገባ ትፈትሻለች። ሙሴ አንሪ እንግዶቹን ሾላው ሥር ሰብስቦ ወደ ላይ ያሳያል። ቅጠሉ ጥቅጥቅ ያለ ነውና «የት አለ? የት አለ?» ይላሉ፤ ከላባ በቀር ያየ የለም።

ወይዘሮ ወለተሥላሴ ጎጆ ውስጥ ናቸው። ኮቴ ሰሙ፤ ብዙ ኮቴ። ሰዎቹ እሳቸውንና ልጃቸውን ከጎጆው ሊያስወጡ የመጡ መሰላቸው። «ገላነሽ?» አሉ። መልስ የለም። በሩን ዳስሰው ወጡ፤ እጃቸውን ዘርግተው ሄዱ። ከጎጆው በስተጀርባ የውኃ ጉድጓድ አለ፤ ሁልጊዜ ክዳን ነበረው። ያን ቀን ግን ለእንግዶቹ በቅሎዎች ውኃ ሲቀዱበት ክዳኑን አንሥተው ሳይመልሱት ቀርተዋል።

ገላነሽ ከበሩ ሆና ዞር ስትል እናቷን አየች። ጉድጓዱንም አየች። ብትሮጥ አትደርስም፤ ሰዉ ሁሉ ሾላውን እያየ ነው። ስለ ወፍ፣ ስለ ጎጆ፣ ስለ ሐጂ በድሪ ለማሰብ ጊዜ አልነበራትም።

«እማዬ! ቁሚ!»

ስንት ሳምንት የታፈነ ድምፅ ነው! በቅሎዎቹ ተደናግጠው ተነሡ። አንዲት የፈረንጅ ሴት ጥላዋን ጣለች። ሾላው እንዳለ የፈነዳ መሰለ፤ ወፍ ሁሉ ባንዴ ሰማይ ላይ ወጣ፤ ለአፍታ ፀሐይ ተጋረደች።

ወይዘሮ ወለተሥላሴ ቆሙ። እግራቸው ከጉድጓዱ አፍ ላይ ነበር።

ገላነሽ ደርሳ አቀፈቻቸው። «አለሁ እማዬ፣ አለሁ፣ እዚሁ ነኝ» ትላለች ደጋግማ። ትንፋሿ ሲመለስ ቀና አለች፤ ሾላው ባዶ ነው። እናቷን አስቀምጣ ወደ ጎጆው ገባችና ያላቸውን ዕቃ በቁርበት ላይ መጠቅለል ጀመረች። በሩ ጨለመ፤ ሐጂ በድሪ ቆመዋል።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«መውጣታችን አይደል፣ ሐጂ? ወፎችዎን በተንኳቸው። እናቴ ልትሞትብኝ ነበር፤ ምን ላድርግ? ዝም ብዬ ነበር፣ እግዜር ያውቃል፤ ይኸው ስንት ሳምንት አንድ ቃል አልተናገርኩም!»

«ለምን?»

«እርስዎ ነዎት እኮ! ወፎቼን የሚያስደነግጥ አልፈልግም ያሉት።»

«ያ ረቢ!» አሉ ሐጂ በድሪ ግንባራቸውን ይዘው። «እኔ ያልኩሽ ጠመንጃ ነው! አንቺን የቀጠርኩሽ ለድምፅሽ ነው እንጂ ለሌላ ምንሽ ነው? ዘበኛው ሲተኩስ ጎረምሶቹ ይስቁበት ነበር። አንቺ ከላይ ከማሽላው ሆነሽ ስትሰድቢያቸው ግን ወንጭፋቸውን ጥለው ሲሮጡ በዓይኔ አይቻለሁ። ወላሂ፣ እጅ ስትነሺኝ ጊዜ ታመመች ብዬ ሌላ ዘበኛ ላፈላልግ ነበር።»

«ወፎቹስ?»

«ጎጆ ያለው ወዴት ይሄዳል? ነይ፣ ውጪ።»

ወጡ። ሙሴ አንሪ እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ እንደ ልጅ ይዘላል፤ እንግዶቹ ቅጠል ሲያዩ ከመዋል የሚበልጥ ነገር አይተው ያጨበጭባሉ። ላይ ያለው ወፍ አንድ ጊዜ ጋራውን ዞረ፣ ሁለተኛ ዞረ። የጠበቀው ጠጠር አልመጣም። መጀመሪያ ዋኔዎቹ፣ ቀጥሎ ቢጫዎቹ፣ ከዚያ ሁሉም እየተንጫጫ ሾላው ላይ ወረደ።

«ተመለሱ! እማዬ፣ ተመለሱ!» አለች ገላነሽ በሙሉ ድምፅዋ። አንዳንዶቹ ክንፋቸውን አርገፈገፉ፤ ግን አልሄዱም። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰችም ሳቀችም። ሐጂ በድሪ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ሰው ጠርተው ጉድጓዱን አስከደኑ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ፣ እናትና ልጅ የጎጆዋ በር ላይ ተቀመጡ። ገላነሽ የከረመውን ሁሉ አወጣችው። ድመቷን፣ ሸለምጥማጡን፣ በአጥር ቀዳዳ ያዩዋትን ሴቶች አንድ በአንድ ሰደበች። የእልፍነሽን ስታወራ ደግሞ ድምፅዋን ጭምር አስመስላ ነው። ወይዘሮ ወለተሥላሴ መጀመሪያ ሳቁ፣ ከዚያ ግድግዳውን ተደገፉ፣ ከዚያ ዝም አሉ። ገላነሽ አየቻቸውና ንግግሯን አቋረጠች።

«ምነው ተውሽ?» አሉ እናቷ።

«የተኛሽ መስሎኝ ነዋ።»

«ልተኛ ነው። አንቺ ግን አውሪ፤ ዝም ስትይ እንቅልፌ ይሄዳል።»